ሣጥኗ ትረፍ

እሑድ ለሰኞ አጥቢያ፣ ዝናብ በአንትወርፕ ላይ፣
የሙዚየሙን ጓሮ መብራት ቢጫ ሲያሳይ፣
ከክራኮቭ የመጣው የጭነት መኪና
ጀርባውን ሰጥቶን ተጠጋ በጥሞና።
ሾፌሩ ወረደ፣ ወገቡን እንደያዘ፣
በሁለት ቀን ጎዳና እግሩ የደነዘዘ።
ስሙ ካዚክ ይባላል። ሰላምታም ሳይጨርስ
«እሷስ?» ነው ያለን፤ «ሣጥኗ እንዳይርስ!»

ለአራት አወረድናት። ጎኗ ላይ ብርጭቆ፣
ጃንጥላ፣ ቀስትም ወደ ሰማይ እንደ ጦር ተሰብቆ፤
ፊደል ለማይጋራ፣ በስንት አገር ኬላ
«ተጠንቀቁልኝ» የሚል፣ ቃል የሌለው መላ።

ቪለሚን መጣች፣ የመዝገቡ ሹም፣ መነጽሯ ግንባሯ ላይ፤
እርጥበት መለኪያዋን አኖረች ከሣጥኑ በላይ።
«ሃያ አራት ሰዓት» አለች፣ «ማንም እንዳይነካት፤
መንገድ ላይ ናት ገና፣ ንዝረቱ አልወጣላት።
አየሩን ትልመደው። ቤቱን ትልመደው።
ሥዕልን ድንጋጤ ነው ከውስጥ የሚጎዳው።»
ጓንቴን አወለቅሁ። እውነቷን ነው፤ እንግዳ ናት፤
እግር ቢኖራት ኖሮ፣ ለብ ባለ ውሃ ባጠብኳት።

ካዚክ ግን ቆሟል።
ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ በእጁ አሳየኝ፤
ወንበር ነው። ገባኝ።

መጋዘኑ ውስጥ አርባ ወንበር አለ፤
ወርቅ ቅብ፣ ባለ ቆዳ፣ እግሩ የነቀለ፣
አንድ መስፍን አንዴ ለእራት የተቀመጠበት፣
አንዱ ዓምና የተሠራ፣ መቀመጫው ላይ ሚስማር ያለበት።
ሁሉም ቁጥር አላቸው፣ እግራቸው ላይ በክር ታስሯል፤
ወንበርነት ከተዉ ስንት ዘመን ሆኗል።

ትከሻዬን ሰበቅሁ። ዞር ብሎ አየ፤ ሳቀ።
«ሁሉም?» አለ በቅንድቡ። «ሁሉም።» ሌላም አልጠየቀ።
መጠቅለያውን፣ ያንን ባለ አረፋ ላስቲክ
መሬት ዘረጋንለት፤ ጋደም አለ ካዚክ።
በተገላበጠ ቁጥር ጧ! ጧ! ይላል ከሥሩ፤
ሣጥኗ አጠገቡ ቆማለች፣ ተጠርቅሞ በሩ።
ለእሷ ሃያ አንድ ዲግሪ፣ ሃምሳ በመቶ እርጥበት፤
ለእሱ የእኔ ካፖርት፣ ያውም አዝራር የወደቀበት።

ማክሰኞ ጧት አሥራ ሁለት ብሎን ተፈታ፤
ክዳኑ ሲነሳ ዋጥን ዝምታ።
ፕለም የምትለቅም ሴት ናት፤ አጎንብሳለች፤ አታየንም፤
ሠዓሊዋ አይታወቅ፤ እሷም ስም የላትም።
ቪለሚን በባትሪ፣ በአጉሊ መነጽር፣ ጣት በጣት
ቁስሏን ትቆጥራለች፤ እጽፋለሁ እኔ፣ አንድም ሳያመልጣት፦
«ግራ ክርን ላይ ስንጥቅ፤ አሮጌ።
ከአገጭ በታች ሌላ፤ አሮጌ።
ጠርዙ ተልጧል፤ እሱም አሮጌ።
አዲስ…»
ባትሪዋን ዝቅ አደረገች፤ ደግማ አሰሰች።
«አዲስ የለም።»
ጻፍኩ፦ አዲስ የለም።

ቀና ስል ካዚክ ቁልፉን ይዞ በር ላይ ቆሟል፤
ከዓይኑ ሥር አንድ መሥመር፣ እሑድ ያላየሁት፣ ወርዷል።
በየትኛው ቅጽ ይገባል? በየትኛው ዓምድ?
ፈረመ። ቅጂውን አጠፈ። ወጣ ወደ መንገድ።

ሐሙስ ማታ ምረቃ። አዳራሹ በሰው ታጨቀ፤
ከንቲባው ባንኩን አመሰገኑ፤ የባንኩ ሰው ፊቱ ደመቀ፤
መድን ድርጅቱም ተመሰገነ፣ ወይን ጠማቂውም ጭምር፤
እኔ የማየው ሚስማሯን ነው፤ ሁለት ሚሊሜትር ወደ ግራ ቢሆን ነበር።
አንዲት አሮጊት ጠጋ ብላ አየቻት፣ ለረጅም፤
«ወገቧን ያማታል» አለች ለባሏ፤ ሌላ አላለችም።

ሌሊት መጋዘን ወረድኩ። ላስቲኩ እዚያው ተነጥፏል፤
ትከሻው፣ ዳሌው፣ ክርኑ፣ በፈነዳ አረፋ ተጽፏል።
ጠቅልዬ ልጥለው ጎንበስ አልኩ፤
ጓንቴን ለምን እንደሆነ እንጃ፣ አጠለቅሁ።
ወገቡ ጋ አንዲት አረፋ ሳትፈነዳ ቀርታለች፤
ዳሰስኳት። አልተጫንኳትም።
ከላይ ወንበር ሲደራርቡ ይሰማል፣
የኪራይ ወንበር፣ መቶ ሃምሳ፣
ቁጥር የሌለው፣
ማንም የሚቀመጥበት።